የውጥረት አያያዝ ትምህርት ለመንግሥት ሠራተኛው ምን ይሰጣል? ምንስ አይሰጥም?

ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። የመሥሪያ ቤቱ በር ሳይከፈት ባለጉዳዮች ተሰልፈዋል። በመስኮቱ ማዶ የሚቀመጠው ሠራተኛ ትናንት ያላለቁ ፋይሎች ጠረጴዛው ላይ ተከምረው ይጠብቁታል። የሩብ ዓመቱ ሪፖርት ከምሳ ሰዓት በፊት እንዲደርስ ታዟል። ስልኩ ያለማቋረጥ ይጮኻል። ከሰልፉ መካከል አንድ አዛውንት "ስመላለስ ዛሬ ሦስተኛ ቀኔ ነው" እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ። የሠራተኛው ልብ በፍጥነት ይመታል፤ አንገቱና ትከሻው ይገታተራል፤ መዳፉ ያልበዋል። ማታ ቤቱ ሲገባ ልጆቹን የሚያነጋግርበት ትዕግሥት ያጣል፤ ሌሊትም እንቅልፍ በዐይኑ አይዞርም።

ይህ በምሳሌነት የቀረበ ሁኔታ ለበርካታ የመንግሥት ሠራተኞችና የሥራ ኃላፊዎች እንግዳ አይደለም። ችግሩ የተለመደ በመሆኑም ብዙዎች የኑሮ ዕጣ አድርገው ይቀበሉታል። ይሁንና ውጥረት መንስዔው፣ በአካል ላይ የሚያስከትለው ለውጥና የሚቃለልበት ዘዴ በሳይንሳዊ ጥናት የተፈተሸ ጉዳይ ነው። በዚህም ምክንያት በተለያዩ አገሮች በሚገኙ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች "የውጥረት አያያዝ" ራሱን የቻለ የትምህርት ዓይነት ሆኖ በአንድ ሴሚስተር ይሰጣል። በአገራችንም በ2012 ዓ.ም. ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በተዘጋጀው የአጠቃላይ ሳይኮሎጂ ትምህርት ውስጥ ውጥረትን የመቋቋም ክህሎት ከሕይወት ክህሎቶች አንዱ ሆኖ ተካቷል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ትምህርቱ ምን እንደሚይዝ፣ ለመንግሥት ሠራተኛው ምን እንደሚጠቅምና ከትምህርቱ ሊጠበቅ የማይገባው ምን እንደሆነ ማብራራት ነው።

ውጥረት ሲባል

"ውጥረት" የሚለው ቃል ራሱ ብዙ ይናገራል። የከበሮ ቆዳ በልኩ ካልተወጠረ ድምፅ አይሰጥም፤ ከልክ በላይ ከተወጠረ ደግሞ ይተረተራል። የሰው አእምሮና አካልም ከዚህ የራቀ አይደለም። የሥራ ማስረከቢያ ቀን መቃረቡ ወይም በስብሰባ ላይ ሪፖርት ማቅረብ የሚፈጥረው መጠነኛ ውጥረት ሰውን ያነቃቃል፤ ትኩረቱንም ይሰበስባል። ጉዳት የሚያስከትለው መጠኑ ሲበዛና ያለ ዕረፍት ሲራዘም ነው። ውጥረትና ጭንቀት በዕለት ተዕለት ንግግር አንዱ በሌላው ቦታ ቢነገሩም ልዩነት አላቸው። ውጥረት አብዛኛውን ጊዜ ከሚታወቅ ጫና ጋር የተያያዘና ጫናው ሲነሳ የሚቀል ሲሆን፣ ጭንቀት ግን የሚጨበጥ ምክንያት በሌለበትም ሊቀጥል ይችላል።

የዘርፉ ጥናት መሠረት የተጣለው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ነው። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን እ.ኤ.አ. በ1915 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ እንስሳት አደጋ ሲገጥማቸው አካላቸው ለመታገል ወይም ለመሸሽ እንዴት እንደሚዘጋጅ አስረዱ። በዚያች ቅጽበት ከኩላሊት በላይ የሚገኙት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል፤ ስኳር ወደ ደም ይለቀቃል፤ የምግብ መፈጨት ይዘገያል።

በካናዳ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይሠሩ የነበሩት ሐንስ ሴልዬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1936 "ኔቸር" በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አንዲት አጭር ጽሑፍ አወጡ። በጽሑፋቸውም በአይጦች ላይ የተለያየ ጉዳት ሲደርስ የአካላቸው ምላሽ ተመሳሳይ መሆኑን ገለጹ። ምላሹ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያው ደረጃ አካል ይደነግጣል፤ በሁለተኛው ይቋቋማል፤ ጫናው ካልተነሳ ግን በሦስተኛው ደረጃ አቅሙ ተሟጦ ይዝላል።

ይህ ግኝት ለቢሮ ሠራተኛ ልዩ ትርጉም አለው። ከአውሬ የሚሸሽ ሰው ሮጦ ሲያመልጥ አካሉ ወደነበረበት ይመለሳል። በሪፖርት፣ በስልክና በወቀሳ የሚጨነቅ ሠራተኛ ግን የሚሮጥበት ቦታ የለውም። አካሉ ለፍልሚያ እንደተዘጋጀ ከወንበሩ ሳይነሳ ይውላል። ይህ ለወራትና ለዓመታት ሲደጋገም የእንቅልፍ መዛባትን፣ የደም ግፊትንና የልብ ሕመምን ሊያባብስ እንደሚችል የሕክምና ጥናቶች ያመለክታሉ።

በአንድ ሴሚስተር ምን ይማራሉ?

የትምህርቱ አደረጃጀት ከኮሌጅ ኮሌጅ ቢለያይም ዋና ዋና ክፍሎቹ ተቀራራቢ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከላይ የተጠቀሰውን የአካል ምላሽ ለመረዳት ይውላሉ። ቀጥሎም ተማሪው የራሱን ሁኔታ እንዲመረምር ይደረጋል።

ለዚህም በተለምዶ የሚያገለግለው መሣሪያ የውጥረት ማስታወሻ ነው። ተማሪው ለተወሰኑ ሳምንታት በየዕለቱ ምን እንዳስጨነቀው፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ በአካሉ ላይ ምን እንደተሰማው፣ ምን እንዳሰበና ምን እንዳደረገ ይጽፋል። ከዚህ መዝገብ ብዙውን ጊዜ ያልተጠበቀ ነገር ይገኛል። "ሥራ በዛብኝ" ይል የነበረ ሰው በእርግጥ የሚያስጨንቀው የሥራው ብዛት ሳይሆን የሚቃረኑ ትዕዛዞች ከሁለት አለቆች መምጣታቸው መሆኑን ሊገነዘብ ይችላል። መፍትሔው ከመንስዔው ስለሚነሳ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

ሌላው የታወቀ መሣሪያ ቶማስ ሆምስና ሪቻርድ ራሄ የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጡት መለኪያ ነው። መለኪያው 43 የሕይወት ክስተቶችን በነጥብ ደርድሯል። የትዳር ጓደኛ ሞት 100፣ ፍቺ 73፣ ጋብቻ 50፣ ጡረታ መውጣት 45፣ በሥራ ኃላፊነት ላይ የሚደረግ ለውጥ 29፣ ከአለቃ ጋር አለመግባባት 23 ነጥብ ተሰጥቷቸዋል። ጋብቻን የመሰለ የደስታ ክስተት በዝርዝሩ ውስጥ መግባቱ የሚያስተምረው ነገር አለ። ይኸውም መልካምም ይሁን መጥፎ፣ ለውጥ ሁሉ ከሰው አቅም ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤት መዋቅር ሲለወጥ፣ የሥራ ምደባ እንደገና ሲካሄድ ወይም አዲስ የአሠራር ሥርዓት ሲዘረጋ ለውጡ ጠቃሚ ቢሆንም እንኳ ሠራተኛው የሚጨነቀው ከዚህ የተነሳ ነው። ሆኖም መለኪያው አማካይ ግምት እንጂ ፍርድ አይደለም። ተመሳሳይ ነጥብ ያላቸው ሁለት ሰዎች ፍጹም የተለያየ ጤንነት ሊኖራቸው ይችላል።

ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ የሚያስረዳው ክፍል የትምህርቱ ማዕከል ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካውያኑ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ውጥረት የሚወለደው ከክስተቱ ብቻ ሳይሆን ሰው ክስተቱን ከሚመዝንበት መንገድ እንደሆነ አብራርተዋል። ሰው በመጀመሪያ "ይህ ነገር ይጎዳኛል ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ቀጥሎም "ለመቋቋም የሚያስችል አቅም አለኝ ወይ?" ይላል። አደጋው የከበደ፣ አቅሙም ያነሰ መስሎ ሲታየው ይወጠራል።

ከዚህ በመነሳት ሁለት የመቋቋሚያ መንገዶች ይለያሉ። የመጀመሪያው ችግሩን ራሱን መቅረፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ችግሩ የፈጠረውን ስሜት ማርገብ ነው። አንድ ሠራተኛ የማይደረስበት የጊዜ ገደብ ሲሰጠው አለቃውን አነጋግሮ ማራዘም የመጀመሪያው መንገድ ነው። ሊለወጥ በማይችል ጉዳይ ላይ ግን፣ ለምሳሌ በሐዘን ጊዜ፣ ሁለተኛው መንገድ ይበጃል። ሊለወጥ የሚችለውን ነገር ተቀብሎ መብሰልሰልም፣ ሊለወጥ ከማይችለው ጋር መታገልም አቅምን ያባክናል። ሁለቱን መለየት ከትምህርቱ ከሚገኙት ክህሎቶች ሁሉ የላቀው ነው።

በተግባር የሚለመዱ ዘዴዎች

ትምህርቱ በንባብ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ተማሪው ዘዴዎችን በክፍል ውስጥ ይለማመዳል፤ ቤቱም ሄዶ ይደጋግማል።

ከዘዴዎቹ አንዱ አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተሙት መጽሐፍ ያስተዋወቁት ጡንቻን ደረጃ በደረጃ የማፍታታት ልምምድ ነው። ተለማማጁ የእጁን ጡንቻ ለጥቂት ሰኮንዶች ጨብጦ ያጠብቃል፤ ከዚያም በአንድ ጊዜ ይለቃል። እንዲሁ እያለ ከክንድ ወደ ትከሻ፣ ከፊት ወደ ሆድ፣ ከጭን ወደ እግር ጣት ይሄዳል። የልምምዱ ጥቅም ሠራተኛው ሳያውቀው ቀኑን ሙሉ ይዞት የሚውለውን የጡንቻ መኮማተር ለይቶ እንዲያውቅ ማድረጉ ነው።

ሁለተኛው በዝግታ መተንፈስ ነው። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ያህል፣ ከሆድ፣ አወጣጡን ከአገባቡ በማስረዘም መተንፈስ የልብ ምትን የሚያረጋጋውን የነርቭ ሥርዓት ያግዛል። ይህ ልምምድ ገንዘብ አያስወጣም፤ የተለየ ቦታም አይፈልግም። ከተቆጣ ባለጉዳይ ጋር ከመነጋገር በፊት አንድ ደቂቃ ይበቃዋል።

ሦስተኛው ልቡናን በአሁኑ ቅጽበት ላይ ማሳረፍን የሚያለማምድ ነው። አሜሪካዊው ጆን ካባት ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የጀመሩት የ8 ሳምንታት ሥልጠና በብዙ አገሮች ለመሰል ሥልጠናዎች አርአያ ሆኗል።

ከእነዚህ ጎን ለጎን የጊዜ አጠቃቀም፣ ሥራን በቅደም ተከተል መያዝ፣ በአክብሮት "አልችልም" ማለት፣ የአካል እንቅስቃሴና የእንቅልፍ ሥርዓት ይነሳሉ። ለጊዜው የሚያስታግሱ የሚመስሉ፣ ነገር ግን ችግሩን የሚያባብሱ ልማዶችም ይፈተሻሉ። ከሥራ መልስ የሚዘወተር መጠጥ እንቅልፍ ቢያመጣም የእንቅልፉን ጥራት ያበላሻል። ጫት ለሰዓታት ቢያነቃም እንቅልፍ ይነሳል፤ በማግሥቱም ድካምና ድብርት ያስከትላል። ከሰዓት በኋላ አብዝቶ የሚጠጣ ቡናም ለሌሊት ዕረፍት አይበጅም።

ቡናው ከባልደረባና ከጎረቤት ጋር ተሰባስበው ሲጠጡት ግን ሌላ ጥቅም አለው። ችግርን ለሚያምኑት ሰው ማካፈል፣ ከቤተሰብ፣ ከዕድርና ከወዳጅ ጋር መቀራረብ የውጥረትን ጉዳት እንደሚቀንስ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። በዚህ ረገድ ኅብረተሰባችን ለዘመናት ያቆየው ባህል በትምህርቱ ውስጥ "ማኅበራዊ ድጋፍ" ተብሎ የሚጠራው ነው።

ምን ያህል ይጠቅማል?

በዚህ ትምህርትም ሆነ ሥልጠና ላይ ጊዜና ገንዘብ የሚያወጣ ሠራተኛም ሆነ መሥሪያ ቤት ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። መልሱ ሁለት ገጽታ አለው።

ተመራማሪዎቹ ካትሪን ሪቻርድሰንና ሐና ሮትስታይን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ በሥራ ቦታ ውጥረትን ለመቀነስ የተደረጉ 36 የሙከራ ጥናቶችን በአንድነት መርምረዋል። ሥልጠናዎቹ በአማካይ ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ ውጤት እንዳስገኙ ተረጋግጧል። የላቀ ውጤት የታየው የአስተሳሰብንና የባህሪን ለውጥ በሚያስተምሩት ላይ ነው። አዘውትሮ ይሰጥ የነበረው ግን የማፍታታት ልምምድ ነበር።

በሌላ በኩል የእንግሊዙ ተመራማሪ ዊሊያም ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ያሳተሙት ጥናት ጥንቃቄ የሚያሻው መሆኑን ይጠቁማል። ጥናቱ በብሪታኒያ በ233 ድርጅቶች የሚሠሩ 46 ሺህ 336 ሠራተኞችን መረጃ የተመለከተ ሲሆን፣ በግለሰብ ደረጃ በሚሰጡ የውጥረት መቋቋሚያና መሰል መርሐ ግብሮች የተሳተፉት ካልተሳተፉት የተሻለ ደኅንነት እንዳላቸው አላሳየም። ጥናቱ በአንድ ወቅት የተሰበሰበ መረጃን ያነጻጸረ በመሆኑ የመጨረሻ ቃል ተደርጎ ባይወሰድም፣ ሠራተኛውን ብቻ አሠልጥኖ የሥራውን ሁኔታ እንዳለ መተው የሚጠበቀውን ውጤት ላያመጣ እንደሚችል ያመለክታል።

ከመንግሥት ሠራተኞች የተገኘው ትምህርት

ጉዳዩን ይበልጥ የሚያብራራው በራሳቸው በመንግሥት ሠራተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የተጀመረውና "ዋይትሆል" በሚል ስያሜ የሚታወቀው ጥናት ከ17 ሺህ በላይ ወንድ የመንግሥት ሠራተኞችን ጤንነት ተከታትሏል። በጊዜው ሰፊ ተቀባይነት የነበረው ግምት በውጥረት የሚጎዱት ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ከፍተኛ ሹማምንት ናቸው የሚል ነበር። ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ ሆነ። በዝቅተኛው የሥራ ደረጃ ላይ በነበሩት ተላላኪዎችና በር ጠባቂዎች ላይ የታየው የሞት መጠን በከፍተኛው ደረጃ ላይ ከነበሩት ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ያህል ነበር። ሲጋራ ማጨስና የደም ግፊት ልዩነቱን የሚያስረዱት በከፊል ብቻ ነው።

በፕሮፌሰር ማይክል ማርሞት መሪነት እ.ኤ.አ. በ1985 የተጀመረው ሁለተኛው ዙር 10 ሺህ 308 ወንዶችንና ሴቶችን አካትቷል። ከዚህ ዙር የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ውጤት፣ በሥራቸው ላይ የመወሰን ዕድላቸው አነስተኛ የሆነ ሠራተኞች ለልብ ሕመም ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳየ። አሜሪካዊው ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ካቀረቡት ሐሳብም ጋር ይስማማል። በእርሳቸው አገላለጽ፣ አድካሚው ሥራ ብዙ የሚጠይቅ ሥራ ብቻ ሳይሆን ብዙ እየጠየቀ ለሠራተኛው የመወሰን ሥልጣን የሚነፍግ ሥራ ነው።

በመግቢያችን ወደጠቀስነው ሠራተኛ እንመለስ። ሰልፉን የሚያሳጥር ሥልጣን የለውም። ፋይሉን የሚያጸድቀው ሌላ ሰው ነው። የባለጉዳዩን ቁጣ የሚቀበለው ግን እርሱ ነው። በዝግታ መተንፈስ ቀኑን ያቀልለታል፤ ሰልፉን ግን አያሳጥርም።

የሥራ ኃላፊው ድርሻ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ፣ በሥራ መዛልን በአግባቡ ካልተያዘ የረጅም ጊዜ የሥራ ውጥረት የሚመጣ ክስተት አድርጎ መዝግቦታል። ድርጅቱ ክስተቱን በሽታ ብሎ አልፈረጀውም። መገለጫዎቹ ግን ሦስት ናቸው፤ እነርሱም አቅም ማጣት፣ ከሥራ መራቅ ወይም ሥራን መጥላትና የውጤታማነት መቀነስ ናቸው። በአገልግሎት አሰጣጥ ላይ የሚቀርቡ ቅሬታዎችን የሚመረምር ኃላፊ እነዚህን ምልክቶች ሊያጤናቸው ይገባል። ባለጉዳይን በግዴለሽነት የሚመልስ ሠራተኛ ሁሉ ሥነ ምግባር የጎደለው ላይሆን ይችላል። ከመካከላቸው የዛለ ይኖራል፤ ለዛለ ሰው ደግሞ ማስጠንቀቂያ ብቻውን መፍትሔ አይሆነውም።

የሥራ ሰዓት ጉዳይም አለ። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 በጋራ ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን አደጋ በ35 በመቶ፣ በልብ ሕመም የመሞትን አደጋ በ17 በመቶ እንደሚጨምር ተመልክቷል። አምሽቶ መሥራትን የታታሪነት ብቸኛ መለኪያ ማድረግ እንግዲህ ዋጋ ያስከፍላል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የሥራ ቦታ የአእምሮ ጤና መመሪያ ሦስት ነገሮች ጎን ለጎን እንዲሄዱ መክሯል። እነርሱም የሥራውን ሁኔታ ማሻሻል፣ ኃላፊዎችን ማሠልጠንና ሠራተኞችን ማሠልጠን ናቸው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ይህ ማለት የሥራ ድርሻን በግልጽ መለየት፣ ትዕዛዝ ከአንድ ምንጭ እንዲመጣ ማድረግ፣ ሊደረስበት የሚችል የጊዜ ገደብ መስጠት፣ ሠራተኛው በዕለት ሥራው ላይ የመወሰን ዕድል እንዲኖረው ማድረግና የዓመት ዕረፍቱን በወቅቱ እንዲወስድ መፍቀድ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚለው የአበው ብሂል የሥራ ክፍፍልን ትርጉም በአጭሩ ይገልጸዋል።

ለመማር ለሚያስቡ

ትምህርቱን በመደበኛ፣ በማታ ወይም በርቀት መርሐ ግብር ለመከታተል የሚያስብ ሠራተኛ ከመመዝገቡ በፊት ጥቂት ነገሮችን ቢያጣራ ይጠቀማል። ትምህርቱ ከንድፈ ሐሳብ ባሻገር ተግባራዊ ልምምድ አለው ወይ? መምህሩ በሥነ ልቦና ወይም በጤና ሙያ የሠለጠነ ነው ወይ? ስለ አስተሳሰብና ስለ ችግር አፈታት ያስተምራል ወይስ በማፍታታት ልምምድ ብቻ ይወሰናል? ከሁሉም በላይ ደግሞ የጊዜ ጉዳይ አለ። ቀድሞውንም ጊዜ ላጠረው ሰው ትምህርቱ ራሱ ተጨማሪ ጫና እንዳይሆንበት ሌላ ሥራ መቀነስ ሊኖርበት ይችላል።

ከዚህ ጋር ሊዘነጋ የማይገባው፣ ትምህርቱ ሕክምና አለመሆኑ ነው። ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ ሲቀጥል፣ እንቅልፍና ምግብ ሲዘጋ፣ ደረት ሲያም ወይም ሕይወትን የመጥላት ሐሳብ ሲመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ደረት ላይ የሚሰማ ሕመም ሁሉ "የውጥረት ነው" ተብሎ መታለፍ የለበትም። የአእምሮ ሕክምና በአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታልና በሌሎችም ሆስፒታሎች ይሰጣል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እንዲሉ፣ ሐፍረትና የባልደረባ ወሬ ፍርሃት ብዙዎችን ከሕክምና ያዘገያል። በዚህ ረገድ ሠራተኛው ምስጢሩ እንደሚጠበቅለትና ሕመሙ ለሥራ ዕድገቱ እንቅፋት እንደማይሆንበት ማረጋገጥ የኃላፊው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

የውጥረት አያያዝ ትምህርት ሠራተኛው ራሱን እንዲያውቅ፣ ሊለውጥ የሚችለውን ከማይችለው እንዲለይና በአስቸጋሪ ሰዓት እንዲረጋጋ ያስችለዋል። ይህ ለእርሱም፣ ለቤተሰቡም፣ ከመስኮቱ ውጭ ቆመው ለሚጠብቁት አዛውንትም ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ሠራተኛውን ወደ ሥልጠና የሚልክ ኃላፊ፣ ሠራተኛው ሲመለስ ያው ሰልፍ፣ ያው የተደራረበ ትዕዛዝና ያው የፋይል ክምር የሚጠብቀው ከሆነ የተማረው ሁሉ ብዙም እንደማያራምደው ማወቅ አለበት። ከሥልጠናው ፈቃድ ጋር በአንድነት ሊፈረምበት የሚገባ ሌላ ውሳኔ አለ፤ እርሱም የሥራውን ሁኔታ የሚያስተካክለው ውሳኔ ነው።